በማልታ ደሴቶች ስኖርክል፦ የአንድ ደሴ ሰው የሁለት ጉዞዎችና የአንድ መነጽር ግምገማ

ባለፈው ጳጉሜን እናታችንን ይዤ ከደሴ ተነሥቼ፣ ማልታ የምትኖረውን ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። በዚያ በቆየንባቸው ሦስት ሳምንታት ስኖርክል የሚባለውን ነገር፣ ማለትም በውሃ ላይ በደረት ተኝቶ፣ ፊትን በመነጽር ሸፍኖ ወደ ውሃው ነክሮ፣ በአጭር ቱቦ እየተነፈሱ የባሕሩን ወለል መመልከትን፣ ከሁለት የተለያዩ አገልግሎት ሰጪዎች ጋር ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ከዚያም የራሴን መነጽርና ቱቦ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ከመጣሁ ወዲህ ፒያሳ ቡና በጠጣን ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ገንዘቡ ያዋጣል ወይ? ዋና በቅጡ ለማያውቅ ሰውስ ይሆናል?» የሚል ስለሆነ፣ በአፍ እየደጋገምኩ ከምመልስ በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ።

በትልቅ ጀልባ የሄድኩበት የመጀመሪያው ጉዞ የከፈልኩበትን ግማሽ እንኳ አያወጣም። ከአንዲት አስጎብኚ ጋር ከባሕሩ ዳርቻ በእግራችን ገብተን ያደረግነው ሁለተኛው ግን ዋጋው ከፍ ቢልም ደግሜ የምከፍልበት ነው። የሁለቱንም ስም አልጠራም፤ በዚያ ዳርቻ እንደ መጀመሪያው ጀልባ የሚሠሩ ብዙዎች በመሆናቸው፣ አንባቢ ስም ከሚይዝ ይልቅ ምልክቶቹን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ማልታ ሰው በሚኖርባቸው ሦስት ደሴቶች፣ በማልታ፣ በጎዞና በትንሿ ኮሚኖ የተዋቀረች ስትሆን፣ ጠቅላላ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የእኛን አንድ ወረዳ ያህል ብቻ ነው። ቋንቋቸው በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፤ የእኅቴ ልጅ ባሕሩን «ባሓር»፣ ዐይንን «ዓይን»፣ ደምን «ደም» እያለ ሲናገር እናታችን ልጁ አማርኛ እየተማረ መስሏቸው ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሏቸው ነበር። በሐዋርያት ሥራ መላጥያ ተብላ የተጠራችውም ይህችው ደሴት ናት፤ የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ 276 ነፍስ ይዞ በተሰበረ ጊዜ ዋና የሚያውቁት ዘለው እንዲዋኙ፣ የማያውቁት ደግሞ በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው እንዲወጡ መታዘዛቸው በዚያ ተጽፏል። እኔ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሆንኩ ለመናገር ያስቸግራል። ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ሐይቅ ከተማ አጎቴ ዘንድ ክረምቱን በማሳልፍበት ጊዜ ሲሆን፣ የምችለውም እኛ የውሻ ዋና የምንለውን ብቻ ነው። እናታችን ደግሞ የተሁለደሬ ተወላጅ ሆነው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሐይቁን እያዩ ኖረው፣ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም።

የመጀመሪያው ጉዞ ከቡጂባ ተነሥቶ ወደ ኮሚኖ የሚሄድ የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ ነበር። ለአንድ ሰው 30 ዩሮ ከፈልን፤ መነጽርና ቱቦ በዋጋው ውስጥ እንደሚካተትም ተነገረን። ጀልባው ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ከመቶ በላይ ሰው አሳፍሯል፤ ሙዚቃው ከተነሣንበት እስከተመለስንበት ድረስ አላቋረጠም። የደኅንነት ማብራሪያው አስቀድሞ ከተቀዳ ድምፅ በሦስት ቋንቋ ተላለፈ፤ ነገር ግን ከሙዚቃው ጋር እየተጋፋ ስለነበር፣ እንግሊዝኛ በደንብ የምትሰማው እኅቴ እንኳ ከማብራሪያው ለይታ የያዘችው መጸዳጃ ቤቱ በስተኋላ መሆኑን ብቻ ነበር። ዋና የሚችል ማን እንደሆነ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ይኖር እንደሆነ የጠየቀን ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን እናታችን ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው የቀሩት በራሳቸው ፈቃድ ነው እንጂ፣ ወደ ውሃው ለመግባት ቢነሡ የሚያስቆማቸውም የሚያግዛቸውም አያገኙም ነበር።

ዕቃው የባሰ ነበር። መነጽሮቹ እንደ ሰኞ ገበያ ሳልቫጅ በአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ተከምረው፣ ሰው ሁሉ እጁን እየሰደደ የደረሰውን ያወጣ ነበር። እኔ ያወጣሁት የጎኑ ጎማ የደረቀ ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ በገባሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እስከ አፍንጫዬ ሞላ። ለሠራተኛው ወጣት ባመለክት «ማሰሪያውን አጥብቀው» አለኝ። አጠበቅሁት፤ ባሰበት። በኋላ እንደተረዳሁት ማሰሪያውን አጥብቆ መሳብ የጎማውን ከንፈር አጣጥፎ ለውሃ በር ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ጢም ያለን ሰዎች ደግሞ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ፀጉር ጎማው ከቆዳ ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ፣ መነጽሩ ደኅና ቢሆን እንኳ ጥቂት ውሃ መግባቱ አይቀርም። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ቢኖር ጢሜን ያን ዕለት ጧት እላጨው ነበር።

መነጽሩ እንዳልሆነልኝ ሲያይ ያው ወጣት 10 ዩሮ ብጨምር ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን፣ በአፍም በአፍንጫም የሚተነፈስበትን ዓይነት እንደሚያከራየኝ ነገረኝ። ተከራየሁ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ግሩም ነበሩ፤ ምንም የሚነከስ ነገር የለም፣ የእይታው ስፋትም ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ራሴን ከበደኝ፤ ትንፋሼም አጠረ። ነገሩ ሲጠና ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በእንዲህ ያለው ጭንብል ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ፣ ገቢና ወጪ አየሩን የሚለዩት ትንንሽ ክዳኖች በደንብ ካልገጠሙ ሰው ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስበዋል። የኪራይ ዕቃ ክዳኑ መቼ እንደተፈተሸ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ አፍንጫን በጣት ይዞ የውሃው ግፊት የደፈነውን ጆሮ ማፍታታት ስለማይቻል ወደ ታች መጥለቅ አይቻልበትም፤ ውሃ ከገባበትም እንደ ቱቦ ከአፍ ተፍቶ መገላገል የለም፤ ጠቅላላውን ከራስ ላይ ማውለቅ ያስፈልጋል። ዋና ለማይችል ሰው እጅግ ምቹ መስሎ የሚታየው ይህ ዕቃ፣ በእኔ ግምት ዋና ለማይችል ሰው ከሁሉ የከፋው ነው።

መድረሻው ብሉ ላጉን የተባለው፣ በኮሚኖና ከጎኗ ባለችው ኮሚኖቶ በተባለች ደሴት መካከል የሚገኘው ሰማያዊ ውሃ ነበር። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ የሚጎመጅለት ቦታ ነው፤ እኔም ከጀልባው ላይ ሆኜ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ሆኖም ያን ቀለም የሰጠው ከሥር ያለው ነጭ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ለዓሣ መደበቂያም መብልም ስለሌለው፣ ከላይ ያማረው ውሃ ከሥሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ያየሁት ብዙ የሰው እግር፣ አንድ የሰመጠ የፀሐይ መነጽርና እንደ አሸዋው የነጡ ጥቂት ዓሦች ነው። ስኖርክል የሚፈልግ ሰው ድንጋይና ሣር ወዳለበት መሄድ እንዳለበት የተማርኩት እዚህ ነው፤ የውሃው ቀለም በደመቀ ቁጥር የሚታየው ነገር ያንሳል ማለት ይቻላል። መንግሥታቸውም መጨናነቁ አሳስቦት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በዚያ ዳርቻ ለሚወርድ ሰው ቀድሞ ቦታ የማስያዝ ግዴታ አምጥቷል፤ ማስያዙ በነጻ ነው፤ ስለዚህ በራሱ የሚሄድ ሰው ይህን ረስቶ እንዳይሄድ።

ሁለተኛው ማቆሚያ በሳንታ ማሪያ ዋሻዎች አጠገብ ነበር። እዚያስ ዓሣ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለዓመታት ከጀልባ ላይ ዳቦ ሲወረወርላቸው ስለኖሩ ጀልባ ባዩ ቁጥር እንደ ዶሮ ይሰበሰባሉ። የእኅቴ ልጅ ይህን ወድዶታል፤ እኔ ግን ዓሣ ዳቦ ሲሻማ ለማየት ባሕር አልተሻገርኩም። መልሕቃቸውንም የጣሉት በሣሩ መካከል ነበር፤ የዚህን ነውርነት በኋላ እመለስበታለሁ። ከስድስት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ውሃ ውስጥ የቆየነው ቢደመር ከሃምሳ ደቂቃ አይበልጥም።

በዚህ ተስፋ ቆርጬ ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ ጎዞ ሌላ ነው» ብላ የገፋፋችኝ እኅቴ ናት።

ወደ ጎዞ የሚወስደው ትልቅ ጀልባ ከቺርኬዋ ተነሥቶ ኢምጃር ወደብ ለመድረስ 25 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ክፍያ የሚጠየቀው ከጎዞ ሲመለሱ ብቻ ነው፤ እናታችን ይህን ሲሰሙ «መግባቱ በነጻ፣ መውጣቱ በገንዘብ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይሆን እንደ እስር ቤት ነው» ብለው ወደቡ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እስኪያይን ድረስ አሳቁን። አስጎብኚዋ የጠበቀችን ሖንዶቅ ኢር-ሩሚየን በሚባል ትንሽ ሰርጥ ዘንድ ነው። የስሙን ትርጉም ስትነግረን የሮማን ቦይ ወይም የሮማን ምሽግ እንደማለት ሆነ፤ ሩሚየን የእኛው የሚበላው ሮማን፣ ሖንዶቅም ወሎ ውስጥ መድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ከነቢዩ ታሪክ የሚያውቀው ኸንደቅ ነው። በሰው አገር ዳርቻ ላይ የቦታ ስም ያለ አስተርጓሚ መረዳት ምን ያህል እንደሚያረጋጋ ያልሞከረው አያውቀውም።

ዋጋው ለአንድ ሰው 45 ዩሮ፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት፣ ቁጥራችን ከስድስት የማይበልጥ ነበር። አስጎብኚዋ ገና ሰላምታ እንደተለዋወጥን የጠየቀችው ስለ ጤናችን ነው፤ እናታችን የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ እኅቴ ስትነግራት፣ ከወገብ በላይ በሆነ ውሃ ከእጇ እንደማይለዩ፣ በደከማቸው ጊዜም ወዲያው እንደሚወጡ ተስማማን። ቀጥላ ወደ ነፋሱ ዞረች። ነፋሱ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ቢሆን ኖሮ ሞገድም፣ ጄሊፊሽ የሚባለውን ሰውነቱ የለሰለሰ ተናዳፊ የባሕር እንስሳም ይዞ ስለሚመጣ ወደ ሌላ ሰርጥ እንወስዳችሁ ነበር አለች። ጄሊፊሽ ቢነድፍ ቦታውን በባሕሩ በራሱ ውሃ ማጠብ እንጂ በንጹሕ ውሃ ማጠብም ሆነ በአሸዋ ማሸት መርዙን እንደሚያባብሰው ያስረዳችንም ደረቅ መሬት ላይ ሳለን ነው።

ከዚያ ወደ መነጽሩ። ለዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ሰጠችው፤ ዋጋዋን ያወጣችውም በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስት ልክ መነጽር ይዛለች። እያንዳንዳችን ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጠን መነጽሩን ብቻ ፊታችን ላይ ለጠፍነው፤ በአፍንጫችን ጥቂት አየር ሳብን፤ እጃችንን ለቀቅን። ሳይያዝ ተጣብቆ የሚቀረው የእናንተ ነው፤ የሚወድቀው የሌላ ሰው ነው አለችን። የእኔ ፊት ሁለተኛው ላይ፣ የእናታችን ሦስተኛው ላይ ያዘ። ማሰሪያውን ከጆሮ በላይ አድርገን ላላ አድርገን አሠርን፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ የውሃው ግፊት ራሱ መነጽሩን ወደ ፊት ይገፋዋልና ማጥበቅ አያስፈልግም። ለጢሜ ደግሞ ከቦርሳዋ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ሠርቷል።

መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ምራቅ እንትፍ ብሎ በጣት ማሸትና በባሕሩ ውሃ አለቅልቆ ማድረግ ነው። ምራቁ በመስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚተው እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ አይቀመጥም። ይህን ስታስተረጉም ነውር እንዳይሆንባቸው ፈርታ እናታችንን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እናታችን ግን እንትፍ ማለት ምርቃት በሆነበት አገር ያደጉ ናቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጃቸውንም መነጽር፣ የአስጎብኚዋንም ጭምር «እንትፍ እንትፍ፣ በሰላም ግቡ በሰላም ውጡ» ብለው መረቁት። አስጎብኚዋ እንደዚያ ተባርካ ውሃ ውስጥ ገብታ እንደማታውቅ ነገረችን።

ስልጠናው ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆመን ተጀመረ። ለብዙ ደቂቃ የሠራነው ቆመን ጎንበስ ብለን ፊታችንን ነክረን በቱቦው በዝግታ መተንፈስ ብቻ ነው። ሰው ፊቱ ውሃ ሲነካ ትንፋሹን መያዝ ልማዱ ስለሆነ፣ ይህን ልማድ ሳይሰብሩ ወደ ጥልቁ መሄድ የድንጋጤ ሁሉ ምንጭ ነው። ቱቦው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ እኔም ቢረዝም ይሻል ነበር ብዬ ስጠይቃት፣ ቱቦው በረዘመ መጠን በውስጡ የሚቀረው የተተነፈሰ አየር እየበዛ፣ ደረትም በውሃው ግፊት ላይ መስፋት እያቃተው እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ውሃ ሲገባበት ከምላስ ጋር «ጡ!» ብሎ መንፋት ነው። እናታችን ይህን ከሁላችንም ቀድመው ያዙት፤ እሳት በትንፋሽ ሲያቀጣጥሉ የኖሩ ናቸውና።

ከዚያ እናታችን መላ አካላቸውን የሚሸፍን የዋና ልብሳቸውን ለብሰው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደርበው፣ አስጎብኚዋ የምትጎትተውን ቀይ ክብ ተንሳፋፊ በሁለት እጃቸው ጨብጠው በደረታቸው ተኙ። ተንሳፈፉ። የሜዲትራኒያን ጨው በአንድ ሊትር 38 ግራም ገደማ ሆኖ ከውቅያኖስ አማካይ ከፍ ስለሚል ሰውን ከሐይቅ ውሃ ይልቅ አንሥቶ ይይዛል፤ እኔም በሐይቅ ሁልጊዜ የሚሰምጡብኝ እግሮቼ እዚያ ያለ ምንም ድካም ከኋላዬ ተነሥተው መምጣታቸው አስገርሞኛል።

ከሥራችን የነበረው ሜዳ ሣር ነው፤ ፖሲዶኒያ ይባላል። ብዙ ሰው አልጌ ይመስለዋል እንጂ ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው እውነተኛ ተክል ነው፤ ይህ ዝርያውም በተፈጥሮው የሚገኘው በሜዲትራኒያን ብቻ ነው። ግንዱ በዓመት የሚያድገው በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ አንድ መልሕቅ በአንድ ቀን የነቀለውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጀልባ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ከአስጎብኚዋ ጋር ግን መልሕቅ የሚባል ነገር የለም፤ በእግራችን ገብተን በእግራችን ወጣን።

በሣሩ ላይ ወርቃማ መስመር ያላቸው የሳሌማ ዓሦች፣ መቶ ይሆናሉ፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ያዘግማሉ። እናታችን ቀና ብለው ቱቦውን ከአፋቸው አወጡና «እነዚህስ ከብት ናቸው፤ ይግጣሉ» አሉ። እኅቴ ስትተረጉምላት አስጎብኚዋ ሳቀች፤ በእርግጥም ሳሌማ ካደገ በኋላ ሣርና አልጌ የሚግጥ ዓሣ ነው። ከድንጋዮቹ አጠገብ ቀይ መልክ ያለው የፓሮት ዓሣ አየን፤ በዚህ ዝርያ ደማቋ ሴቷ ስትሆን ወንዱ ግራጫ ነው። ቀስተ ደመና የመሰለው ሌላው ደግሞ ሴት ሆኖ ሕይወቱን ይጀምርና ሲያድግ ወንድ ይሆናል ተባለ፤ ይህን እናታችን «አስተግፊሩላህ» ብለው አለፉት። ኦክቶፐስ የሚባለውን ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳም አሳየችን። እርሱን ማግኛው ዘዴ ዓይኑን መፈለግ አይደለም፤ ከዋሻው በር ፊት የተከመረ የቀንድ አውጣና የሸርጣን ቅርፊት መፈለግ ነው፤ የበላውን ከደጁ ይጥላልና። የባሕር ጃርት ግን በየድንጋዩ ስለሞላ እግር ማሳረፍ አይቻልም፤ የጎማ ጫማ ያላደረገ ሰው አይግባ።

እናታችን ውሃ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይተው ወጡ። ያዩት ኦክቶፐስ ክንድ ያህል እንደነበር ለጎረቤት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ በመነጽር ውስጥ ያለው አየርና ውሃው ብርሃንን ስለሚያጣምሙት ውሃ ውስጥ ያለ ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ እንደሚታይ ልነግራቸው ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ይህ አገልግሎት እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ጀምረናል፤ ልብስ የሚለወጥበት ስፍራ ስላልነበረ እናታችን በሁለት ነጠላ ተከልለው ነው የለወጡት፤ ይላክልናል የተባለው ፎቶግራፍም የደረሰን ደሴ ከገባን በኋላ ነው። ከሁሉ የማማርርበት ስለ ጀርባዬ ማንም አለማስጠንቀቁ ነው። በደረት ተኝቶ ሁለት ሰዓት የዋለ ሰው ጀርባው ለፀሐይ የተሰጠ ነው፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዘውም መቃጠሉን አያውቀውም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚል ካለ የእኔን ትከሻ ባየ። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ለብሶ መግባት ግዴታ ነው፤ ለብርዱም ይጠቅማል፤ ውሃው በመስከረም 26 ዲግሪ ያህል ቢሆንም ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

አንድ ወዳጄ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ደሴ፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ መመለስ ችግር እንደሚያመጣ ሰምቶ ጠይቆኝ ነበር። ያ ነገር የሚመለከተው በጀርባቸው የታመቀ አየር ተሸክመው የሚጠልቁትን ነው፤ እነርሱ በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ከመብረራቸው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆዩ ይመከራሉ። ስኖርክል የሚያደርግ ሰው የሚተነፍሰው ከላይ ያለውን ተራ አየር ስለሆነ በነጋታው ቦሌ፣ ከዚያም ኮምቦልቻ ቢያርፍ አይጎዳም።

የገዛሁት መነጽርና ቱቦ በአንድነት 28 ዩሮ ፈጅቷል። መስታወቱ ጠንካራ፣ ጎማው ሲሊኮን፣ ቱቦውም ከሥሩ ውሃ የሚያስወጣ ክዳን ያለው ነው። አዲስ መነጽር ከፋብሪካ የወጣበት ስስ ቅባት መስታወቱ ላይ ስለሚኖር በምራቅ ብቻ አይጠራም፤ አስቀድሞ በጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ደብዝዞብኝ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የእግር ክንፍ፣ ማለትም እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ የሆነውን የዋና ጫማ፣ አልገዛሁም፤ ሻንጣ ይሞላል፤ ረጋ ብሎ ለሚንሳፈፍ ሰውም አያስፈልግም።

በጥቅምት ይህንኑ ይዤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ሐይቅ ሄጄ ሞከርኩት፤ ውጤቱን ሳላሳምር እናገራለሁ። ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ የተዘረጋ እጄን ጣቶች ማየት እንኳ አስቸግሮኛል፤ ጨው ስለሌለውም እግሬ እንደ ድሮው ሰመጠ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ቢልሃርዚያ ነው። በሽታው በአካባቢው የሚታወቅ ሲሆን፣ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ማለትም ስኖርክል የሚያምርበት ቦታ ላይ ነው። እኔ የገባሁት ከጀልባ ላይ ወደ መካከሉ ሲሆን፣ እንደዚያም ሆኖ ዳግመኛ አላደርገውም፤ ለሐይቅ ብሎ መነጽር የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ። ጀልባ ቀዛፊው መነጽሩን ተቀብሎ ከጀልባው ጎን ጎንበስ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለማግኘት መረቡ እንደሚሻለው ነግሮኝ መልሶልኛል።

እኅቴ ለመጪው ዓመት ቀን እንድመርጥላት ጠይቃኛለች። በነሐሴ ከሚሆን ሕዝቡ ቀነስ ወደሚልበት መስከረም እንድትገፋው፣ ከአስጎብኚዋም ጋር ለአራት ሰው ቦታ እንድትይዝ ነግሬአታለሁ፤ አራተኛዋ የእናታችን ታናሽ እኅት ናቸው፤ ከብት የሚመስለውን ዓሣ በዓይናቸው ካላዩ አላምንም ብለዋል።